አምቡላንሱ ሾፌር ብቻ ይዞ አይምጣ፦ ለክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ ኃላፊ፣ እንደምን ሰነበቱ።

እኔ ደብረ ማርቆስ የምኖር የታሪክ መምህር ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ሕክምና እዚህ የምጽፈውን ሰው ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁት ነው። አንድ ነገር ግን በዓይኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ እሱን ልንገርዎት።

ከአዲስ አበባ ስመለስ ነው። የአባይ በረሃን መንገድ ያውቁታል፤ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ነው። ድልድዩን አልፈን ሽቅቡን እንደጀመርን ጤፍ የጫነ አይሱዙ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገልብጦ አገኘን። ሾፌሩ በራሱ ወጥቷል። ረዳቱ ግን፣ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፣ ጭኑን ላሜራ ሸርክቶት መንገድ ዳር ተኝቷል፤ የተበተነው ጤፍ ከደሙ ጋር ተለውሷል። ከእኛ መኪና የወረዱ አንዲት እናት መቀነታቸውን ፈተው ከቁስሉ በላይ አሰሩለት። (ከሁላችንም ቀድመው ያሰቡት እሳቸው ናቸው።) ልጁ ሲጮህ ጊዜ እኛ ደግሞ "እትዬ ያመዋል፣ ላላ ያድርጉለት" አልን። እሳቸውም ማሰሪያውን አላሉት። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ትንሽ ቆይቶ "በረደኝ" አለ። ያስቡት፣ አባይ በረሃ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የእኛ ላብ ይንጠባጠባል። ጋቢ ደረብንለት። አንዱ ውኃ አጠጣው። "ረገብ ብሎለታል፣ ተሻለው" ያለም ነበር። በኋላ ለአክስቴ ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "ደሙ እያለቀ ነበር እኮ" አለችኝ።

አምቡላንሱ መጣ። የየት ወረዳ እንደሆነ አልጽፍም፤ ሾፌሩም ምስኪን ያን ሽቅብ እንዴት አድርጎ እንደነዳው እኔ ነኝ የማውቀው። ከእሱ ሌላ ግን ሰው የለበትም። ወረደና "ማነው አብሮት የሚሄድ?" አለ። እኔ ገባሁ። ስለ ዐድዋ የማስተምር ሰውዬ የቁስለኛ ኃላፊ ሆንኩ ማለት ነው! ከአጠገቤ የኦክስጅን ጠርሙስ ነበር፤ እንዴት እንደሚከፈት አላውቅም። እጁን ይዤ "አይዞህ፣ ደረስን" እላለሁ፣ አልደረስንም። ደጀን ሳንገባ መናገር አቆመ። ሐኪሞቹ ሮጠው ተቀበሉን፤ ግን አልተረፈም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ሄሊኮፕተር ይግዙልን አልልም። ለንደን ውስጥ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪምና ፓራሜዲክ (በአምቡላንስ የሚሠራ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) አብረው በሄሊኮፕተር፣ ሲመሽ ደግሞ በመኪና፣ አደጋው ቦታ ድረስ ይሄዳሉ። አስፋልት ላይ ማደንዘዣ ይሰጣሉ፣ ካስፈለገ ደረት ከፍተው ደም ያቆማሉ፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደም ይዘው ነው የሚወጡት። ፈረንሳዮችም ለከባድ ሕመምተኛ ሐኪም በአምቡላንስ ይልካሉ። እኛ ዘንድ ደረት ይከፈት ያለ የለም። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ ቁስለኛው ሆስፒታል እስኪደርስ ከመጠበቅ ሕክምናው ይድረስለት።

ሕክምናው ደግሞ የሚፈራውን ያህል ትልቅ አይደለም። ነርሶቹ ቱርኒኬት የሚሉት ደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ ሳይፈራ የሚያጠብቀው የሠለጠነ እጅ ካለ፣ የእኚያን እናት መቀነት ሥራ በደንብ ይሠራዋል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ፣ የደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒትም አለ፤ በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ ቁስለኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አደጋው በደረሰ በ1 ሰዓት ውስጥ የተሰጣቸው ሰዎች ደም ፈሷቸው የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ያህል ቀንሷል። 3 ሰዓት ካለፈ ግን እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። እንግዲህ ይህን መድኃኒት ሆስፒታል መጋዘን ውስጥ አስቀምጦ፣ ከበረሃው እስኪወጣና ሪፈር እስኪጻፍ መጠበቅ ምን ዋጋ አለው? የተሰበረ አጥንት ለማቃናት ኬታሚን የሚባለው ማደንዘዣ፣ አየር አፍኖት ለተጨነቀ ደረት መርፌ፤ የአክስቴ ልጅ እንደምትለው እነዚህ የሠለጠነ ሰው ከሳጥን አውጥቶ የሚሠራቸው ናቸው።

"ሰው የለንም" ይሉኝ ይሆናል። ጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሐኪምና ነርስ ያስመርቃል፤ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆችን በስም አውቃለሁ። አምቡላንሶቻችን በዋናነት ለወላድ እናቶች የመጡ መሆናቸውንም አልረሳሁም፤ ከእነሱ ይነጠቅ አላልኩም። እኔ የምለው መኪናው አጠገብ ሁለት ሰው፣ በፈረቃ፣ ደጀን ላይ ይቀመጥ ነው። ከጎሐ ጽዮን በኩል ደግሞ የኦሮሚያ ባልደረቦችዎን ያነጋግሩልን፤ በረሃው የጋራችን ነው።

ጊዜው ደህና እንዳልሆነ፣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን እንዳለ አውቃለሁ። እንዲያውም ለዚሁ ነው የምጽፈው። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መድረስ በማይቻልበት ቀን ለሰውየው የሚቀርለት መንገድ ላይ የተደረገለት ነገር ብቻ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ተጎጂ እስከ 2,000 ብር አስቸኳይ ሕክምና በነጻ ያግኝ ብሎ ነበር (2,000 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ እንተወው)። ጥሩ ነው፣ ግን እሱም የሚጠቅመው ሐኪም ዘንድ ለደረሰ ነው።

የልጁ አባት ስልኬን ከሾፌሩ አግኝተው ደውለውልኝ ነበር። ገበሬ ናቸው። ብዙ አልጠየቁኝም። "ሐኪም አብሮት ነበር ወይ?" አሉኝ። "እኔ ነበርኩ፣ አባባ" አልኳቸው።

ስለዚህ የተከበሩ ኃላፊ፣ ደጀን ላይ እነዚያ ሁለት ሰዎች የሚመደቡት መቼ ነው? ሦስት ወር ቢሉኝም፣ ዓመት ቢሉኝም እሰማለሁ። ቀኑን ይንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ