ውሾቻችንን ይዘን ቦሩ ሜዳ ልንውል ነው፤ እጃችሁን ዘርጉልን

አምና በበልግ የጎረቤታችን ልጅ በውሻ ተነከሰ። 9 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት እየተመለሰ ነበር፤ ውሻው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እናቱ እግሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ሮጠች። መጀመሪያ የሄዱበት ቦታ ክትባት የለም ተባሉ። ሁለተኛውም ጋ የለም። ሦስተኛው ዘንድ ሲደርሱ መሽቶ ነበር፤ እዚያ ተገኘ፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁ ዛሬ ደህና ነው። ውሻ ሲያይ ግን አሁንም አጥር ላይ ይንጠላጠላል።

በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ መርዝ ተበተነ። በአንድ ሌሊት ስድስት ውሾች አለቁ። አንዷ የእኛ ዳማ ነበረች። ሰባት ዓመት ሙሉ በራችን ላይ ተኝታ ስትጠብቀን ሰው ነክሳ አታውቅም። ጠዋት ያገኘቻት እናቴ ናት። የዚያን ቀን ቤታችን ቡና አልተፈላም።

ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብኩ። ማንንም አልወቅስም፤ የፈራ ሰው ያገኘውን ያደርጋል። ግን ልጁም ዳማም የተጎዱት በአንድ ምክንያት ነው። የሰፈራችን ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አልተከተቡም ነበር። መርዝ ደግሞ ይህን አይፈታም። ዛሬ አስር ውሻ ቢገደል ነገ ሌላ አስር ከሌላ ሰፈር ይመጣል፤ እሱም ያልተከተበ። በአንድ አካባቢ ካሉት 100 ውሾች 70ው ከተከተቡ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። (ለማንኛውም ይህን ያዙልኝ፦ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።)

እኛ ደሴ ያለን የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። ያሰብነው እንዲህ ነው። ኅዳር ውስጥ የሰፈሩን ውሾች እናስከትባለን። ክትባቱ እስኪሠራ አንድ ወር ገደማ እንጠብቃለን። ከዚያ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ውሾቻችንን ይዘን ደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ እንውላለን። የመግቢያ ትኬቱ የክትባት ካርድ ነው። ካርድ የሌለው ውሻ አይመጣም። ዝም ብለን ኑ አስከትቡ ስንል ሰዉ አይወጣም፤ ሞክረነው አይተናል። ልጆቹ ግን ጨዋታ እንዳለ ከሰሙ አባቶቻቸውን ጎትተው ያመጣሉ።

ጨዋታው የተደበቀ ሀብት ፍለጋ ነው። ቦሩ ሜዳን የመረጥነው ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ ነው፤ ሕፃናትም አዛውንትም ይራመዱበታል። ደግሞም በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ትልቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ ነው፤ ስንቱ የሰፈራችን ልጅ በመኪና አልፎበት ታሪኩን ሳይሰማ ቀርቷል። በጥር እህሉ ተሰብስቦ ስለሚያልቅ የገበሬ ማሳ አንረግጥም። በየቦታው ባዶ የወተት ቆርቆሮ እንደብቃለን። ቆርቆሮው ውስጥ እንቆቅልሽ አለ። ለምሳሌ፦ «እንቆቅልሽ። ስሜ ማንንም አልንቅም ይላል፤ ደሴ ላይ ቆሜ የንጉሥ ግብር አብልቻለሁ።» ልጆቹ አይጠየፍ ካሉ፣ የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ አወቁ ማለት ነው፤ አጠገቡ የቆመው ሰው ወደሚቀጥለው ቆርቆሮ ይመራቸዋል። ካላወቁ እንደ ድሮው «አገር ስጠኝ» ይባላሉ። ኮምቦልቻን ይሰጣሉ፣ ሐይቅን ይሰጣሉ፣ መልሱን ሰምተው አምስት ደቂቃ ቆመው ይሄዳሉ። አንዱ እንቆቅልሽ ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሶች 500 አይሞሉም፤ ጥቂቶቹ እዚሁ ወሎ ቦረና ሳይንት ይኖራሉ። ከውሻ የሚተላለፍባቸው ይኸው በሽታ እነሱንም ይፈጃል። ልጆቻችን ይህን ሜዳ ላይ ቆመው እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

የመጨረሻውን ሀብት የሚያገኘው ሰው ሳይሆን ውሻ ነው። ቋንጣ በጨርቅ ጠቅልለን ገለባ ውስጥ እንቀብረዋለን። አጥር ላይ የሚንጠላጠለው ልጅ ገመድ አልይዝም ብሏል። ቆርቆሮዎቹን ለመደበቅ ግን ከእኔ ጋር ይመጣል።

አንድ ጥያቄ ከሽማግሌዎች ተነስቷል፣ ልክም ናቸው። ውዱእ ያለው፣ ማለትም ለሶላት የታጠበ ሰው የውሻ ምራቅ ሊነካው አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን ገመድ ያዥና እንቆቅልሽ ፈቺ ብሎ ይከፈላል። የሚሰገድበትና ዳቦ የሚቆረስበት ቦታ ከውሾቹ ራቅ ይላል። ሁሉም ውሻ ገመድ ይታሰርበታል፤ በአካባቢው በግና ዶሮ አለ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 60 ውሾች መዝግበናል። ለክትባት፣ ለካርድ፣ ለአንገት ማሰሪያና ለገመድ በአንድ ውሻ 300 ብር፣ በጠቅላላው 18,000 ብር ያስፈልጋል። ለአይሱዙ ኪራይ 8,000 ብር፣ ለዳቦ፣ ለሻይና ለውሃ 9,000 ብር፣ ለጨዋታው ዕቃና ለሽልማት 3,000 ብር። ድምሩ 38,000 ብር ነው። ከመካከላችን 11,500 አዋጥተናል። የቀረን 26,500 ብር ነው። የሚከትቡልን ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ ለድካማቸው ምንም አንቀበልም ብለዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። ብሩ ካልሞላ ዳቦውን እንተወዋለን፣ መኪናውንም ትተን በእግር እንሄዳለን። ክትባቱን ግን አንቀንስም።

300 ብር ያለው አንድ ውሻ ያስከትባል። 50 ብር ያለውም ይምጣ። ብር የሌለው ገመድ፣ ሳፋ፣ የበረዶ ሣጥን ያውሰን፤ ክትባቱ ቅዝቃዜ ካጣ ይበላሻል። ገንዘቡን የሚይዘው የሰፈራችን እድር ነው፤ እኔም ሆንኩ ጓደኞቼ በእጃችን አንቀበልም። የእድሩ ጸሐፊ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፣ የገባውና የወጣውም በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከደሴ ውጭ ያላችሁ የሰፈሩ ልጆች፣ ቤተሰቦቻችሁ በኩል ብትልኩ ይደርሰናል። መዋጮው የሚዘጋው ጥቅምት 30 ነው፤ በማግስቱ ክትባቱን እናዛለን።