ስለ ጽንስ ቀዶ ሕክምናው ሮቦት ትንሽ ልበል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከለንደን ነው። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት ነፍሰ ጡር እያለቀሰች መጣችብኝ። መንታ አርግዛለች፣ ሕክምና ያስፈልግሻል ተብላለች። በስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አንብባ ግን «ሮቦት ማህፀኔ ውስጥ አይገባም» ብላ ቀጠሮዋን ልትሰርዝ ነው።

እኔ ከሰባት ዓመት በፊት በዚሁ አልፌያለሁ። ልጆቼ አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንታ ነበሩ። በ19ኛው ሳምንት የአንዷ ከረጢት በውሃ ተወጥሮ፣ የሌላዋ ውሃ አልቆ ሽፋኑ ላይዋ ላይ ተለጥፎ ታየ። እንግዴ ልጁ ላይ ያሉት ደም ስሮች ስለሚገናኙ የአንዷ ደም ወደ ሌላዋ እየሄደ ነው። ዝም ከተባለ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይተርፉም።

ሆዴን አደንዝዘው ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገቡና ደም ስሮቹን አንድ በአንድ በሌዘር ዘጉ። ነቅቼ ስለነበር ስክሪኑን አየሁት። በጨለማ ባትሪ እንደማብራት ነው፣ የምትታየው አንዲት ትንሽ ክብ ብቻ። የእኔ እንግዴ ልጅ ደግሞ ከፊት፣ በሆዴ በኩል ነው የተቀመጠው። ቱቦው ቀጥ ያለ ብረት ነው። ጣራ በስቶ በገባ ዱላ ያንኑ ጣራ ከውስጥ ለመንካት እንደመሞከር ቁጠሩት። ሐኪሙ ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር።

ሮቦት የሚባለው ለዚህ ነው የታሰበው። ቀድመው የተጎበጡ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ቱቦዎች አሉ፤ ሲገፉና ሲሽከረከሩ ጫፋቸው ወደሚፈለገው ይታጠፋል፣ የሚያዘው ግን ሐኪሙ ነው። የለንደኑ ዩሲኤል ዩኒቨርሲቲና የቤልጂየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጊፍት ሰርጅ በሚባል ፕሮጀክት በዚህ ጉዳይ አብረው ሠርተዋል። እነዚያን ትንንሽ ክብ ምስሎች ሰፍቶ የእንግዴ ልጁን ካርታ ማውጣትም አንዱ ሥራቸው ነው፣ የተረሳ ደም ስር እንዳይኖር።

ትልቁ ጣጣ ግን ቀዳዳው ነው። ቆዳ ይሽራል፣ ማህፀንም ይሽራል። የእንሽርት ውሃውን የያዘችው ስስ ሽፋን ግን ከተበሳች በደንብ አትሽርም። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ነበር፣ ድያፍራም በሚባለው፣ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ ላይ ባለ ጽኑ ክፍተት ምክንያት ሳንባቸው ያላደገ ጽንሶች፣ ሳንባቸው እንዲያድግ በዚሁ ዓይነት ቀዳዳ የትንፋሽ ቧንቧቸው ውስጥ ትንሽ ፊኛ የገባበት። ከእናቶቹ 47 በመቶው ያለጊዜው ውሃቸው ፈሷል፤ ሕክምናው ካልተደረገላቸው 11 በመቶው። የእኔም በ30ኛው ሳምንት ፈሰሰ። ልጆቼ ሙቀት ክፍል ሁለት ወር ቆይተው ነው የወጡት። ስለዚህ ቀጭን ሆኖ፣ በአንዲት ቀዳዳ ገብቶ ሁሉም ጋ የሚደርስ መሣሪያ ቢገኝ ለእኛ ለእናቶች ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

እባካችሁ ስለዚህ ስትጽፉ እነዚህ የሚታጠፉ መሣሪያዎች በአብዛኛው ገና በሞዴልና በእንስሳት ላይ እየተሞከሩ መሆናቸውን ግለጹ። የእንግዴ ልጁንም ሥዕል አብራችሁ አውጡልን፣ እናት አይታ ትረዳለች።

ለዚያች ነፍሰ ጡር የተያዘላት የተለመደው ሌዘር ነው፣ በሰው እጅ። ሐሙስ ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ።

የሁለት ሴት ልጆች እናት፣ ከለንደን