የታሪክና የሕንፃ ክበብ፦ አርክቴክት ሳይሆኑ የነደፉ ሰዎች

ዘንድሮ ክበባችን ሩቅ አልሄደም። አብዛኞቹ አባሎቻችን ሰሜን ቨርጂኒያ ያደጉ ልጆች ናቸው። ካፒቶልን፣ የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንፃ፣ ከመኪና መስኮት ስንቴ አይተውታል። የሞንቲቼሎ፣ የቶማስ ጄፈርሰን መኖሪያ ቤት፣ ምስል ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ከ1938 ጀምሮ በአምስት ሳንቲሙ ጀርባ ላይ ታትሟል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ማን ነደፋቸው ሲባሉ ግን ዝም።

በመስከረም ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ተነሣን። አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችው በ1776 ነው። የመጀመሪያው የአርክቴክቸር ትምህርት በኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ግን በ1868 ነው። እስከዚያ ድረስ ትልልቁን ሕንፃ ሁሉ ማን ይነድፍ ነበር? መልሱ ልጆቹን አሳቃቸው። ጠበቃ፣ ሐኪም፣ ነጋዴ፣ ፕሬዚዳንት!

ነጻነቱ የታወጀበትን የፊላደልፊያ አዳራሽ ሥራ ከመሩት አንዱ አንድሩ ሃሚልተን የሚባል ጠበቃ ነበር። ሮድ አይላንድ ውስጥ ኒውፖርት ያለውን የሬድዉድ ቤተ መጻሕፍትና የቱሮ ምኩራብን የነደፈው ፒተር ሃሪሰን ደግሞ በመርከብ የሚነግድ ሰው ነው። እነዚህን በስላይድ አይተን አለፍን። ኒውፖርት በቅዳሜ ደርሶ መልስ አይሆንም።

የተማሩት ከመጽሐፍ ነው። ጣሊያናዊው አንድሬያ ፓላዲዮ በ1570 ያሳተማቸው አራት የአርክቴክቸር መጻሕፍት ከዓምዱ ልክ ጀምሮ ሁሉንም በሥዕል ያሳያሉ። ገንዘብና ጊዜ ያለው ሰው የእንግሊዝኛውን ትርጉም ከለንደን ያስመጣል፣ ወረቀቱን ይዘረጋል፣ ይጀምራል። «ገንዘብና ጊዜ» የምትለዋን አስምሩባት ብያቸው ነበር። ወደ ኋላ አስፈልጋናለች።

የልጆቹ ጀግና ዶክተር ዊልያም ቶርንተን ሆነ። በ1759 ዛሬ የብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች በሚባሉት ተወልዶ፣ ሕክምናውን ስኮትላንድ የጨረሰ ሰው ነው። በ1792 የካፒቶል ፕላን ውድድር ወጣ። ቶርንተን ንድፉን ያስገባው ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው። አሸነፈም። ሽልማቱ 500 ዶላርና ከተማው ውስጥ አንድ ቦታ ነበር።

«ቲቸር፣ አርፍዶ አስገብቶ ነው ያሸነፈው?» አለች አንዷ። የቤት ሥራ በማዘግየት የታወቀች ልጅ ናት። ዓመቱን ሙሉ ቶርንተንን ስትጠቅስብኝ ከረመች።

ጆርጅ ዋሽንግተን ፕላኑን በጣም ወደደው። ባለሙያዎች ቁጭ ብለው ሲመረምሩት ግን ጉዱ ወጣ። ዓምዶቹ ተራርቀዋል፤ በላያቸው የሚጋደመውን ድንጋይ አይችሉትም። ደረጃው ላይ የሚወጣ ሰው ጭንቅላቱን ይመታል። ብርሃንና አየር የማይደርሳቸው ቦታዎችም አሉ። ፕላኑን እንዲያስተካክል የተቀጠረው ደግሞ በውድድሩ የተሸነፈው ፈረንሳዊ፣ ስቴፈን ሃሌት ነው። ይህን ሲሰሙ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቆየት ብሎ ሥራው ለቤንጃሚን ላትሮብ ተሰጠ። ላትሮብ እንግሊዝ ውስጥ በወጉ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ቶርንተን ፕላኔን ነካብኝ ብሎ ጋዜጣ ላይ ዘለፈው። ላትሮብ በስም ማጥፋት ከሰሰው። በ1813 ተፈርዶለት ያገኘው ካሳ አንድ ሳንቲም ነው። እኔ ለላትሮብ ነው የማዝነው። ልጆቹ ግን ከሐኪሙ ጋር ቆሙ፤ ምክንያትም አላቸው። እንግሊዞች በ1814 ዋሽንግተን ከተማን ሲያቃጥሉ፣ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የነበረው ይኸው ቶርንተን ወታደሮቹን ለምኖ ቢሮውን አስተርፏል።

ቶርንተን የነደፈውን የኦክታጎን ቤት በአካል አይተነዋል። ስሙ ባለ ስምንት ጎን ነው የሚለው። ልጆቹ ዙሪያውን ቆጠሩት። «ስድስት ነው እኮ!» ልክ ናቸው፤ ስድስት ነው።

በጥቅምት ማውንት ቨርነን ሄድን። ዋሽንግተን አርክቴክት ቀጥሮ አያውቅም። አባቱ የሠራውን ቤት ሁለት ጊዜ አስፋፋው፤ ፖቶማክ ወንዝን የሚያየውን ባለ ስምንት ዓምድ በረንዳም ጨመረበት። በምዕራብ በኩል ያለውን ፊት ተራ በተራ ሳልናቸው። መስኮቶቹ ግራና ቀኝ እኩል አይደሉም! አንዱ ተማሪ መሐሉን ፈልጎ ፈልጎ ላጲሱን ጨረሰ።

አብሮን የአንዲት አባል አባት ነበሩ። ኮንትራክተር ናቸው። ግድግዳው ከሩቅ የተጠረበ ድንጋይ ይመስላል። እሳቸው ተጠግተው መጋጠሚያውን አዩና «ኧረ ጣውላ ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው። የጥድ ጣውላው ጠርዙ ተላግቶ ብሎኬት መስሏል። ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ተረጭቶበታል፤ ዋሽንግተን ከፍሎ ሳይሆን አስመስሎ ነው የድንጋይ ቤት ያገኘው። «አየሽ ልጄ፣» አሉ ለሴት ልጃቸው፣ «ፊኒሺንግ ያኔም ነበር።» ከዚያ ዞር ብለው አሸዋውን ማን ረጨው ብለው ጠየቁ። በ1799 በማውንት ቨርነን እርሻ 317 በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። መልሱ እዚያ ውስጥ ነው።

ጄፈርሰን ጋ ስንደርስ ብርዱ ገብቶ ነበር፤ ሁለት ወር ወሰደብን። ቶማስ ጄፈርሰን የሪችመንድን ካፒቶል (የቨርጂኒያን ምክር ቤት) የነደፈው ፈረንሳይ አምባሳደር ሆኖ ነው። ኒም ከተማ ያለውን ሜዞን ካሬ የሚባል የሮማውያን ቤተ መቅደስ መነሻ አደረገ። ፈረንሳዊው አርክቴክት ክሌሪሶ አገዘው። የጄሶ ሞዴል አሠርቶ በመርከብ ላከ። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ቤተ መቅደሱን በሥዕል እንጂ በዓይኑ አላየውም! ያየው በኋላ፣ በ1787 ነው። ሰዓታት ሙሉ ፈዞ ሲያየው እንደዋለ በደብዳቤ ጽፏል።

ሞንቲቼሎን የጎበኘነው በሚያዝያ ነው። ቤቱን ከ1769 ጀምሮ ሠራው፣ ከ1796 በኋላ አፈረሰና ከልሶ እስከ 1809 ድረስ ገነባው። ትልቅ ደረጃ ቦታ ያባክናል ብሎ ስለሚያምን፣ የሞንቲቼሎ ደረጃዎች ስፋታቸው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፎቁ ላይ የሚያድሩት ልጆችና የልጅ ልጆች ምን ይሉ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ልጆቹን የያዛቸው መግቢያው ላይ ያለው ትልቁ ሰዓት ነው። በገመድ የተንጠለጠሉት የብረት ክብደቶች ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ ግድግዳው ላይ የቀናቱ ስም ተጽፏል። ክብደቱ የደረሰበት፣ ዛሬ ያ ቀን ነው። ነገር ግን ገመዱ ረዘመ፣ ግድግዳው አጠረ። ስለዚህ ወለሉ ተበሳ፤ ቅዳሜ ምድር ቤት ወረደች። የእኛም የቅዳሜ ክፍል ምድር ቤት ስለሆነ፣ ቀልዱ እስከ ሰኔ አላለቀም።

እዚያው ስለ ጆን ሄሚንግስ ሰማን። ሞንቲቼሎ ውስጥ በባርነት የተወለደ አናጢ ነው። ፖፕላር ፎረስት የሚባለውን የጄፈርሰንን ባለ ስምንት ጎን ቤት (ይሄኛው በእውነት ስምንት ነው) የውስጥ የእንጨት ሥራ የሠራው እሱ ነው። ነጻ የወጣው በጄፈርሰን ኑዛዜ መሠረት በ1827 ነው። ጄፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል።

የግንቦቱን ክርክር «ሞንቲቼሎን የሠራው ማን ነው?» በሚል ያደረግነው ለዚህ ነው። አንዱ ቡድን «ሐሳብ የሌለው እጅ ቤት አይሠራም» አለ። ሌላው «ያ ሁሉ መጽሐፍ የማንበቢያ ጊዜ ከየት መጣ?» ብሎ መለሰ፤ ያሰመርናትን ቃል መዞ። እኔ ለሁለተኛው ነው ያደላሁት፣ አልደብቅም። ዳኞቹ ግን እኩል ሰጡ።

የዓመቱ ሥራችን የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሮቱንዳ፣ ማለትም ባለ ጉልላቱ ክብ ሕንፃ፣ ሞዴል ነበር። ጄፈርሰን የሮማውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ፓንቴዎንን በግማሽ ልክ ቀንሶ ነደፈው፤ ስፋቱም ቁመቱም 77 ጫማ ነው። እኛ ደግሞ በካርቶንና በፎም ሠራነው። ጉልላቱን ባስኬት ኳስ ላይ ጋዜጣ በሙጫ ለጥፈን አወጣን። የመጀመሪያው ሲደርቅ ጠመመ፤ ሁለተኛውን ኮንትራክተሩ አባት ጄሶ ቀቡልን። ዓምዶቹን የቆረጡት ሁለት የ8ኛ ክፍል ልጆች ሲሆኑ፣ ከክብደት ጋር እንዴት እንደሚስማሙ ከዶክተር ቶርንተን በተሻለ አስበውበታል።

በሚቀጥለው ዓመት ሪችመንድ ሄደን የጄሶውን ሞዴል እናያለን፤ እስካሁን እዚያው ካፒቶል ውስጥ ተቀምጧል። ቦስተን ላይ የማሳቹሴትስን ምክር ቤት የነደፈውንና በሪል ስቴት የከሰረውን ቻርልስ ቡልፊንችንም እናነባለን። ሰፊ መኪና ያላችሁ ወላጆች በምዝገባው ቀን ንገሩን። ሮቱንዳው ከቢሮው በር ጎን ነው ያለው፤ መተላለፊያውን ዘግቷል። ክረምቱን ሊያስቀምጥልን የሚችል ካለ፣ እባካችሁ መጀመሪያ የጋራዡን በር ለክታችሁ ኑ።