ለሐሙስ ጥናታችን

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አንድ ወጣት አባላችን መሥሪያ ቤት ውስጥ «ኢየሱስ የሚባል ሰው በእርግጥ ነበረ እንዴ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አጥቶ ዝም ማለቱን ነገረን። በጣም ተሰማኝ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አላስተማርነውም።

ስለዚህ ሐሙስ የምንጀምረው ከዚሁ ነው። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ክርስቲያኖችን ይንቅ ነበር። ሆኖም ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እጅ እንደተገደለ ጽፏል። ጳውሎስ ደግሞ ከስቅለቱ 25 ዓመት ገደማ በኋላ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ከሞት የተነሣውን ጌታ ካዩት ከ500 በላይ ወንድሞች አብዛኞቹ ገና በሕይወት እንዳሉ ይናገራል። ሄዳችሁ ጠይቋቸው እንደማለት ነው!

1ኛ ቆሮንቶስ 15ን አንብባችሁ ኑ። ጴጥሮስ መልስ ስጡ ሲል በየዋህነት ይሁን ብሏልና፣ ጠያቂውን ለመርታት አንቸኩል። የከበዳችሁን ጥያቄም ይዛችሁ ኑ፤ ለመጠየቅ ያፈራችሁበትን ጭምር።