የቃኘው መኮንኖች ምን ሠሩ? እሱን ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በኮሪያ ጦርነት ስለዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ስለ ቃኘው ሻለቃ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ማስታወሳችሁ ደግ ነው። ግን ከላይ እስከ ታች «አንበሳ»፣ «ነብር»፣ «ሞትን የናቀ» ብቻ ሆነብኝ። አንድ መኮንን እሳት ውስጥ ሆኖ ምን እንደሠራ የሚነግረኝ መስመር ፈልጌ አጣሁ። ሽለላ በቦታው ጥሩ ነው፤ ታሪክን ግን አይተካም።

ደረቁን ነገር አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመተ። ወታደሮቹ ከክብር ዘበኛ የተውጣጡ ነበሩ። እዚያም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፉ። ሐምሌ 1945 ዓ.ም. ተኩስ እስኪቆም ድረስ ከ120 በላይ ሰው ሞተብን፤ ከ500 በላይ ቆሰለብን። አንድም ሰው ግን አልተማረከም። ይህን እናንተም ብላችኋል፤ እሰየው።

ነገር ግን ሰው ሳያስማርኩ መመለስ በወኔ ብቻ አይሆንም። ሌሊት ለቅኝት የወጣ ቡድን ተመትቶ ሲበተን ማን የት እንደወደቀ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ቁስለኛውን ማን ይሸከም? ማን እየተኮሰ ይሸፍን? ማን መጨረሻ ይውጣ? ይህን በደቂቃ ውስጥ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ አንድ ወጣት ምክትል መቶ አለቃ ነው።

ምክትል መቶ አለቃ ማሞ ሀብተወልድን እንውሰድ። ግንቦት 1945 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎች ይዘው ለቅኝት እንደወጡ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸው የቻይና ጦር ከበባቸው። አራቱ ሞቱ። የቀሩት በሙሉ ቆሰሉ፤ እሳቸውም ጭምር። በዚህ ሰዓት መሪ ከጠመንጃ ይልቅ ሬዲዮ ነው የሚያስፈልገው። ማሞም ሬዲዮ ፈልገው አግኝተው የመድፍ ድጋፍ ጠየቁ።

እስቲ ይቺን ነገር ጠጋ ብለን እንያት። ጨለማ ነው። ጠላት አፍንጫህ ሥር ነው። መድፉ ያለው ከኋላ ርቆ ነው፤ ተኳሹ አንተንም ጠላትህንም አያይም። የሰጠኸውን የካርታ ቁጥር ይዞ ይተኩሳል፣ አለቀ። ቁጥሯን ብትስት ጥይቱ በገዛ ልጆችህ ላይ ይወርዳል። ፈርተህ አርቀህ ብትጠራው ደግሞ ጠላት ይተርፋል። የመጀመሪያው ጥይት የወደቀበትን አይተህ «ወደ ግራ»፣ «ትንሽ ቅረብ» እያልክ ማረም አለብህ፤ ያውም ደምህ እየፈሰሰ። ድምፅህ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ አጠገብህ ያለው ወታደር ይሰማል። ተስፋ የሚቆርጠውም የሚበረታውም እሱን ሰምቶ ነው። እኔ የጦር ሜዳ ጀግንነት የምለው ይሄንን ነው።

ማሞን አገራቸው ሸለመቻቸው፤ አሜሪካም ሲልቨር ስታር የተባለውን የጀግንነት ሜዳሊያ ሰጠቻቸው። እንዲህ ያለው ሰው ግን በስም የሚታወቀው ስንት አንባቢ ዘንድ ነው? ኮሪያ ላይ ኮሚኒስቶችን የወጋ ሰው በደርግ ዘመን ዝምታን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ከዚያ ወዲህ ላለው ዝምታ ግን ሰበብ ያለን አይመስለኝም። (ኮሪያ መዝመታችን ልክ ነበር ወይ የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን።)

አንድ ነገር ልጠይቅ። በዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች እጅ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ ማስታወሻ ደብተር መኖሩ አይቀርም። በጋዜጣችሁ ጥሪ አድርጉ። ሲመጡላችሁም «አባታችሁ ጀግና ነበሩ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ይታወቃል። ማን ከፊት ሄደ? ትእዛዙ ምን ነበር? ሬሳውን ማን አነሳ? የቱ ጋ ተሳሳቱ? የተሳሳቱበትንም እንዳትዘሉት፤ ለዛሬው መኮንን የሚጠቅመው እሱ ነው። ዘማቾቹ አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ልጆቻቸውም አርጅተዋል። ጥሪውን ለሚቀጥለው ዓመት መታሰቢያ ባታቆዩት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ