በበረዶ ሣጥኑ መንገድ

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ ከሁለት የእግር ጥፍሮቼ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስገርምዎ አውቃለሁ። በስልክ ግን «ደኅና ነሽ? በልተሻል? በይ ሒሳብሽን አትጨርሺ» ብለው ይዘጉብኛል። ይኼ ደግሞ በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር አይደለም። እህቴ ማታ ማታ ቀስ እያለች ታንብብልዎ፤ ቶሎ ቶሎ ካነበበች ያስቁሟት።

የእርስዎን መንገድ ሄድኩበት፤ አስፋልቱን ሳይሆን የበቅሎውን። ከአንኮበር ተነሥቶ በወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ለውስጥ አድርጎ ደጋው ላይ የሚወጣውን፣ ከዚያም በጣርማ በርና በመዘዞ አድርጎ መንዝ የሚገባውን። ልጅ ሆኜ ምን አለበት ብዬ በጠየቅኩዎ ቁጥር «ዳገትና ቁልቁለት ነው እንጂ ምን አለው» የሚሉኝን መንገድ። ወንድሜን በአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ኮርቻ ላይ አስቀምጠው ይዘውት ሲሄዱ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንዳለቀስኩ ያስታውሳሉ? እኔ አልረሳሁትም። ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ስወስድ ሰው ሁሉ ላሊበላ ሂጂ፣ ሐዋሳ ሂጂ አለኝ፤ እኔ ግን ያቺን የቀረችብኝን ጉዞ ነበር የፈለግኋት።

ያኔ ስለ ሥራዎ የማውቀው ነገር ቢኖር «ደስታ»ን ሊከትቡ እንደሚሄዱ ብቻ ነበር። ደስታ የሚባል በሽታ እንዴት ይኖራል? ሰው ደስታን ለምን ያጠፋል? እያልኩ ግራ ይገባኝ ነበር። በክፉው ቀን፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የአገሩን በሬ ፈጅቶ ሕዝቡን ለዚያ ረሃብ የዳረገው ይኸው የከብት ደስታ መሆኑን የተማርኩት በኋላ ትምህርት ቤት ነው። እርስዎ ስለ ሥራዎ አያወሩም። የክትባቱን ሣጥን ያወርዳሉ፣ እግርዎን ይታጠባሉ፣ ይተኛሉ።

አሁን ወደ ጉዞው ልምጣ። በጠዋት ሚኒባስ አንኮበር ያለችው ጎረቤላ ከተማ ወረድኩ። የምኒልክ ግቢ ፍርስራሽ ያለበትን ኮረብታ ወጣሁት፤ ሁሉም ሰው ፎቶ የሚነሣበት ስለሆነ እሱን ልዝለለው። እኔን ያቆመኝ ቁልቁል የሚታየው የድሮው የገበያ ከተማ አልዩ አምባ ነው። ድሮ ከባሕሩ በኩል ጨው፣ ከሐረር ቡና ጭኖ የሚመጣ ግመል ይህን ዳገት ስለማይደፍረው ዕቃው ከሥር ለአህያና ለበቅሎ ይሸጋገር ነበር። ግመል ያልወጣውን ዳገት እርስዎ በወር ስንት ጊዜ እንደወጡት ለመቁጠር ሞከርኩና ተውኩት።

መንገዱን የሚያሳየኝ አንድ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ያዝኩ። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ አንዲት ነጭ መስመር ያሳያል። ልጁ አየት አደረገና «እሱ መንገድ አይደለም እቱ፤ ጎርፍ ከወሰደው ሁለት ክረምት ሆኖታል» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬን ኪሴ ከትቼ የልጁን ተረከዝ ስከተል ዋልኩ። ግማሽ ቀን ያህል ገላጣው ገደል አፋፍ ላይ ሄድን፤ ነፋሱ ይጋረፋል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሁለቱ እንዴት በአንድ ጊዜ እንደሚሆኑ የሚያውቀው የዚህ አገር ሰው ብቻ ነው። ልጁ አንዲት ትንሽ ዳልቻ ወፍ ድንጋዩ ላይ አሳየኝ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላው ዓለም የማትገኝ፣ በስሟም አንኮበርን የያዘች ናት። እኔ ድንቢጥ መስላኝ ነበር። ፈረንጅ እሷን ብቻ ሊያይ ከባሕር ማዶ ይመጣል አለኝ።

ከዚያ ደኑ ውስጥ ገባን። አባባ፣ ይኼን ለምን አልነገሩኝም? እንደ ቤት በር ነው እኮ፤ አንድ እርምጃ ሲያልፉ ፀሐዩ ከኋላ ይቀራል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ኮሶው ቀይ አበባውን ዘርግፎ። አንዱ ዝግባ ሥር እኔና ልጁ እጅ ለእጅ ተያይዘን ግንዱን ለማቀፍ ሞክረን ግማሹንም አልደረስንበት። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጅራታቸውን እንደ ነጠላ ጥለት እያውለበለቡ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። የውኃ ድምፅ የማይሰማበት ስፍራ የለም፤ በየአሥር ደቂቃው አንድ ጅረት እንሻገራለን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚህ በተወሰደ የጽድ ዘር ነው ይባላል። ዛፎቹን ሲያዩዋቸው ነገሩን ለማመን አያስቸግርም።

የሚያስከፋውንም ልንገርዎ፤ ደብቄ ብጽፍልዎ ከሌላ ሰው መስማትዎ አይቀርም። በታችኛው በኩል አጣና የጫኑ አህዮች ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ አየሁ፤ ስምንት ቆጠርኩ። አንዳንዱ ቦታ ደን ብለው ሲገቡ ጉቶ ብቻ ያገኛሉ። ልጁን ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «ክረምት ላይ የምንበላው ሲያልቅ ምን እናድርግ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያን ሌሊት ያደርነው ልጁ አያቱ ቤት ነው። ሽማግሌው ቆሎና ጠላ አስቀረቡ፣ እሳት ዳር አስጠጉኝ፤ ከዚያ እንደ ወጉ «የማን ልጅ ነሽ?» መጣ። የእርስዎን ስም ብነግራቸው ምንም አላላቸውም። ከብት ይከትቡ ነበር ስላቸው ግን ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ያ ሣጥኑን እንደ ታቦት የሚይዘው?»

አባባ፣ እንዲህ ብለው ነው የሚያውቁዎ። ስምዎን የሚያስታውስ የለም፤ ሣጥንዎን ግን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሽማግሌው ሲስቁ የነገሩኝን ልጻፈው። ያኔ ሰዉ ከታቢ መጣ ሲባል ከብቱን ይደብቅ ነበር፤ የሚቆጥሩት ግብር ሊጥሉብን ነው፣ መርፌው ላሟን ያስወርዳታል ይባል ነበር። እሳቸውም ሁለት በሬዎቻቸውን ማንም አይደርስበትም ብለው ደኑ ውስጥ አሰሯቸው። እርስዎ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚሄድበት በገላጣው መንገድ መምጣትዎን ትተው በደኑ ውስጥ መጡና በሬዎቹ ላይ እጥፍ አሉ። «ምንም አላለኝም። ሁለቱንም ወጋቸው፣ ገመዱን አጠበቀልኝና ሄደ» አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ እርስዎን የላከባቸው ጠላታቸው ማን እንደሆነ ሲያስቡ ኖረዋል።

እኔም ጠየቅኳቸው፤ ለምን በደኑ? በአፋፉ ቢሄዱ እኮ ግማሽ ቀን ያተርፉ ነበር። ሽማግሌው እንደ ሞኝ አዩኝ። «በረዶው ነዋ! ፀሐይ ካገኘው ይቀልጥበታል። ቀን ቀን ዝግባው ሥር ምንጯ ውስጥ ሣጥኑን ነክሮ ይጠብቃል፤ ማታና ጎሕ ሲቀድ ይሄዳል። ‹በረዶዬ አለቀ› እያለ እንቅልፍ የለውም ነበር።»

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ክትባቱ ሙቀት ካገኘው ውኃ ሆኖ እንደሚቀር፣ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ እንዳለበት አንብቤ አውቃለሁ። ከመንገዱ ጋር ግን አያይዤው አላውቅም ነበር። በማግስቱ ስንሄድ ሁሉ ነገር ተገለጠልኝ። መንገዱ ያለ ምክንያት የሚጠማዘዝ ይመስለኝ የነበረበት ቦታ ሁሉ ከጥላ ወደ ጥላ፣ ከምንጭ ወደ ምንጭ የሚሻገር ነው። ገላጣው አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሌላ የዛፍ ጥላ ይገባል። መንገዱን የመረጠው ሣጥኑ ነው ማለት ነው። ወንድሜን ይዘው ሲሄዱ ኮርቻው ላይ የነበረችው ትርፍ ቦታ የአንድ ልጅ ብቻ እንደነበረችም ያኔ ገባኝ። (ለምን እሱ እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም፤ ይኼን በአካል እንነጋገርበታለን።)

በሁለተኛው ቀን ከደኑ በላይ ወጣን። ዛፉ አስታ ብቻ ሆነ፣ ከዚያም ጅባራው ብቻውን ቆሞ ቀረ። ጫፉ ላይ ልጁ አቁሞኝ ሁለት ቦይ አሳየኝ፤ በመካከላቸው አንድ ጋቢ ብናነጥፍ ሁለቱንም ይነካል። ወደ ምዕራብ የሚፈሰው በደብረ ብርሃን በኩል ከሚያልፈው ከበሬሳ፣ ከዚያ ከጀማ ገብቶ ዓባይ ይሆናል፤ ግብፅን አቋርጦ ባሕር ይገባል። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ከአዋሽ ይቀላቀልና አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ ባሕር አያይም። ከአንድ ደመና የወረደ ዝናብ! እዚያ ቁጭ ብዬ ብርቱካን በላሁ። ልጁ ልጣጩን ወደ ዓባይ ወረወረው።

በጉዶ በረት በኩል አስፋልቱ ላይ ወጣሁና በአይሱዙ ጣርማ በር ደረስኩ። ጣሊያን የቀደደውን ዋሻ ጉም ስለዋጠው አላየሁትም። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፌ በመዘዞ አድርጌ ጓሳ ከሚባለው የመንዝ የሣር ደጋ ገባሁ። ጠዋት ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ስረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። እርስዎ «ሣር ነው» ይሉት የነበረውን ጓሳ ባላገሩ በሥርዓት እንዴት እንደጠበቀው እዚያ ያለው ጠባቂ አጫወተኝ። የአገሩ አቅኚ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ለዓመታት ይዘጉት ነበር አሉ፤ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም። ሲከፈት ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ቄሮ የሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ቢፈርስም ሕዝቡ በኮሚቴ መልሶ ይዞታል።

ቀይ ቀበሮም አየሁ! ጭላዳዎቹ መሐል እንደ ዘመድ እየተመላለሰ። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም፤ በእነሱ መሐል ሲሆን አይጦቹ ስለማይጠረጥሩት በደንብ ያድናል አለኝ ጠባቂው። ትልቁ ጠላቱ የውሻ እብደት ስለሆነ የባላገሩን ውሾች ይከትቧቸዋል። ያን ጊዜ እርስዎን አሰብኩ። ደስታ ከዓለም ጠፋ ተብሎ በ2003 ዓ.ም. ሲታወጅ ሬዲዮኑን ዘግተው «በሉ ምሳ አቅርቡ» ማለትዎን አልረሳሁም። መርፌው ግን እዚህ ሥራ አልፈታም።

ወደ ሞፈር ውሃ ወንዝ ለመውረድ አስቤ ነበር፤ ጥፍሮቼ እምቢ አሉኝ። እሱን ለሚመጣው ዓመት አቆይቼዋለሁ።

አሁን ጥያቄ አለኝ፤ እባክዎን ለእህቴ ይንገሯትና ትጻፍልኝ። ዝግባው ሥር ያለችው፣ ሣጥኑን ይነክሩባት የነበረችው ምንጭ ስሟ ማን ነበር? ሽማግሌውን ስጠይቃቸው «የበረዶዋ ምንጭ ነው የምንላት» አሉኝ። ልጁም እንደዚሁ ነው የሚጠራት፤ በዚያ አገር በረዶ የሚያቆር ነገር ያለ መስሎት ለምን እንደተባለች እንኳ አያውቅም። ከእርስዎ በፊት ሌላ ስም ነበራት?

ከመሐል ሜዳ ገበያ አንድ የመንዝ ባና ገዝቼልዎ በሹፌር ልኬያለሁ፤ ቅዳሜ ኮተቤ ይደርሳል። ጥቁሩ ነው፣ ከባድ ነው። ለእንግዳ አይስጡብኝ፤ ጉልበትዎ ላይ ይጣሉት።

ናፋቂ ልጅዎ