የእቴጌ መነን ተማሪዎች ታሪክ ባለቤቶቹ በህይወት እያሉ ይጻፍ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ ስለ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል፣ ግን ቅር ያለኝን ልናገር። ስለ መሥራቿ ስለ እቴጌ መነን አስፋውና በ1924 ዓ.ም ስለመከፈቱ ሁሌም ይጻፋል፣ እዛ ግቢ ውስጥ እያደሩ ስለተማሩት ሴቶች ግን ብዙ የሚያወራ የለም።

ሲነሱም የሚነሱት ታዋቂዎቹ ናቸው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አለም በፒያኖዋቸው ያውቃቸዋል፣ በልጅነታቸው እዛ መማራቸውን ግን ስንቱ ያውቃል? እህታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ደግሞ በጣልያን ጊዜ ጣልያን አገር አዚናራ የሚባል ደሴት ታስረው የነበሩ፣ ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱን የመሩ፣ ቲያትር እየጻፉ ተማሪዎቹን መድረክ ላይ ያወጡ፣ በ1950 ዓ.ም በምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እንዲህ አይነት ዳይሬክተር እያዩ ያደጉ ልጆች ምን ተሰማቸው፣ ምንስ ሆኑ? እኔ መስማት የምፈልገው ይሄንን ነው።

እናቴ እዛ አዳሪ ነበረች። አንድ የክፍሏ ፎቶ አላት፣ ጀርባው ላይ በብዕር ቀለም አልማዝ፣ በላይነሽ፣ ጸሐይ እየተባለ ስም ብቻ ተጽፏል፣ የአባት ስም የለውም። ጣቷን ፊታቸው ላይ እያስኬደች ይቺ ነርስ ሆነች፣ ይቺ አስተማሪ ሆና ክፍለ ሀገር ወጣች፣ ይቺ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ተረት የምትነግረን ናት ትለኛለች፣ አንዳንዷ ጋ ስትደርስ ዝም ብላ ታልፋለች። ከእናቴ ጋር የተማሩት አብዛኞቹ አርፈዋል፣ የቀሩትም እድሜያቸው ገፍቷል፣ ስለዚህ ይሄ ነገር ለከርሞ የሚባል አይደለም።

ጋዜጣችሁ በሳምንት አንድ አምድ ለነሱ ቢሰጥ፣ ትምህርት ቤቱም አሁን ተመልሶ የሴቶች አዳሪ ስለሆነ ያሉት ልጆች ስልካቸውን ይዘው የድሮዎቹን ተማሪዎች ቤታቸው ሄደው ድምጻቸውን ቢቀዱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ዶርሙን፣ የጥልፉን ክፍል፣ ለእረፍት ወደ ቤት የሚሄዱበትን ቀን፣ ማን ተቆጣን ማን አባበለን የሚለውን ሁሉ ይጠይቋቸው፣ ይሄ ሰነድ ላይ አይገኝም።

ደሞ አደራ፣ በደርግ ጊዜ ስሙ የካቲት 12 ከተባለ በኋላ እዛ የተማሩት ወንዶችም ሴቶችም አይዘለሉ። የድሮው ስም ተመለሰ ተብሎ የነሱ ዘመን ከታሪኩ መውጣት የለበትም፣ እነሱም የዛው ግቢ ልጆች ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ የድሮ ተማሪ ልጅ፣ አዲስ አበባ